ሟች ያልሠራው ኃጢአት

«ይሄ የማን ነው?» አለች የሟች እህት፣ ከአልጋው ሥር ጎትታ ባወጣችው የብረት ሣጥን ፊት ቁጢጥ እንዳለች።

ሣጥኑን የከፈተችው ለክፋት አልነበረም። ለሞት ምስክር ወረቀቱ የወንድሟ መታወቂያ ይፈለጋል ተብላ፣ ምናልባት የሥራ ዕቃው መሃል ይሆናል ብላ ነው። በመዶሻና በብረት መቁረጫ ዲስኮች መሃል እጇን ሰድዳ ስትዳብስ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ስትፈታው አንድ ነጭ የመድኃኒት ዕቃና ግማሹ የጎደለ የኮንዶም ካርቶን ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

እህትየዋ ጤና ጣቢያ መዝገብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የዕቃውን ጽሑፍ ማንበብ እንኳ አላስፈለጋትም።

ሚስትየው በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቶ እንደ ሹክሹክታ ሆኗል። ሰፈሩ «ሰፊዋ» እያለ ነው የሚጠራት፤ ሳሎኑ ጥግ ባለችው የስፌት መኪና የግማሹን ሰፈር ሴት ልብስ የሰፋችው እሷ ናት። አሁን መኪናዋ በአንሶላ ተሸፍና የለቀስተኛ ብርጭቆ ተደርድሮባታል።

«የኔ ነው» ልትል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። እህትየዋ ቀደመቻት።

«አታውቂም ነበር አይደል?» አለች ቀና ብላ እያየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ውይ ወንድሜ! ውይ ጉዴ! በሽታውን ደብቆ፣ በዚያ ላይ ይሄን ይዞ ውጪ ውጪውን ሲል... አንቺን ምስኪን እቤት አስቀምጦ!»

ተነስታ አቀፈቻት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሩቅ ሰላም ስትላት የኖረች ሴት፣ ዛሬ አንገቷ ሥር ገብታ ተንሰቀሰቀች። ሰፊዋ እጆቿን አንጠልጥላ ቆመች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አላለችውም። ወዲያው ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ዋይታው ሲቀልጥ፣ እህትየዋ ዕቃዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችና «እማዬ እንዳታይ» ብላ እንባዋን ጠራርጋ ወጣች።

የሰፊዋ መድኃኒት በሰው ቦርሳ ሆኖ ሄደ።

መድኃኒቱ የእሷ ነበር። ኮንዶሙ የሁለታቸው።

በሽታውን ይዛ የመጣችው እሷ ናት፤ ከእሱ በፊት ሁለት ዓመት አብራው ከኖረችው ሰው። ያወቀችው ግን ሊጋቡ ሁለት ወር ሲቀራቸው ነው። «እስቲ እንደ ሰው ተመርምረን እንግባ» ብሎ ይዟት የሄደው እሱ ራሱ ነበር። ነርሷ ጎን ለጎን አስቀምጣ ውጤቱን ስትነግራቸው፣ ሰፊዋ የሰማችው የእሷን ብቻ ነው። የእሱ ነጻ መሆኑ ጆሮዋ የገባው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው። ያኔ ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች፤ ቀለበቱን ከጣቷ ልታወልቅ ብትታገል አልወጣላት አለ። እሱ እጇን ያዘና ወደ ነርሷ ዞሮ፣ «ታዲያ እንዴት ነው የምንኖረው?» አለ።

«እንኖራለን ወይ?» አላለም። «እንዴት» ነው ያለው። ሰፊዋ ያቺን ቃል ዕድሜ ልኳን አልረሳቻትም።

ነርሷ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ኮንዶሙ፣ በየስድስት ወሩ ስለሚደረገው ምርመራ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «እኔ በያጅ ነኝ» አላት። «መነጽር ሳላደርግ ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ይሄም ያው ነው።» ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የሥራ ጓደኞቹ «ብልጭታ» ብለው የሚጠሩት ለብየዳው ብቻ አልነበረም።

ለማንም አልተናገሩም። እህቱ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ለመራቅ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ እየሄዱ ነበር የሚታከሙት። ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ ገብተው መሳቢያ ሳይቀር ስለሚከፍቱ፣ መድኃኒቷ የሚቀመጠው የእሱ የሥራ ሣጥን ውስጥ ሆነ። የበያጅ ሣጥን ማን ይከፍታል?

በሦስተኛው ቀን ሰፊዋ የወሬውን መዳረስ ያወቀችው በትራስ ነው። ሰላምታ ስትነፍጋት የኖረችው የጎን ጎረቤት ትራስ ይዛ መጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት። «ተደገፊ እናቴ። እንግዲህ ለራስሽ እወቂበት» አለቻት፣ «እንግዲህ» የምትለዋን እየጎተተች። ሻይ የምታድለው ሴት ደግሞ ለሌላው ሁሉ ከትሪው እያዞረች፣ ለሰፊዋ ግን ጆሮው የተሰበረ ስኒ ለብቻው ይዛላት መጣች። ከሰዓትም ያው ስኒ መጣ። በማግስቱም ያው።

ማዕድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሴቶቹ እዚያ ሆነው ሲንሾካሾኩ አልጋው ላይ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ሥር እንደማውራት ነው።

«እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። የአርባ ዓመት ጎልማሳ በራስ ምታት ይሞታል?»

«ራስ ምታት አይደለም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉ።»

«ይበሉ እንጂ! ሐኪም መቼም የሞተ ሰው ገመና አያወጣ።»

«እሷስ ይዟት ይሆን?»

«እሷማ ምን ቀራት! ልጅ ያልወለደችውም ለዚሁ ነዋ። እሱ የተጠነቀቀው ለውጪዎቹ ነው።»

«ዝም ያለ ሰው እኮ ነው የሚያስፈራው።»

ዝም ያለ ሰው! ሰፊዋ ከግድግዳው ማዶ በሐዘኗ መሃል ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ብልጭታ በሕይወቱ ዝም ብሎ አያውቅም። እየበላ ያወራል፣ እየተላጨ ያወራል፤ አንድ ጊዜ ጥርሱን ሲነቀል ሐኪሙን አላሠራ ብሎ ተቆጥተውታል። ዝም ማለት የተማረው እዚህ አልጋ ላይ ነው። ያስተማረችውም እሷ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ነበሩ። ኮንዶም ለመግዛት ሦስት ሰፈር አልፎ ይሄዳል፤ ባለሱቁ ቀለበቱን አይቶ ዓይኑን ሲጠቅስበት፣ እቤት መጥቶ «ዛሬም ውሽማ አለህ ተባልኩ። እንዴት ብዬ ውሽማዬ ሚስቴ ናት ልበለው?» እያለ ሆዷን እስኪያማት ያስቃት ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ተቀደደ።

እሱ «ወይ ጣጣ!» ብሎ ሊስቅ ሲል እሷ ጮኸች። የጎረቤት ሰው በር እስኪያንኳኳ ድረስ ነው የጮኸችው። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ሐኪሙ «በጊዜ መጥታችኋል» ብሎ በሽታው እንዳይዘው የሚከላከል የሃያ ስምንት ቀን መድኃኒት አዘዘለት። መድኃኒቱ አልስማማው ብሎ ሲያስመልሰው ከረመ፤ የመጋዘን ጣራ ላይ ብረት ሲበይድ ዞሮበት ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተረፈ። ሦስት ወር ቆይቶ «ነጻ ነህ» ሲባል የሐኪሙን እጅ ሊሰብር እስኪደርስ ጨበጠው። እሷ ግን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውነቷ እምቢ አለ። ልቧ ይፈልገዋል፤ ሲነካት ግን ደሟ በየደም ሥሯ ሲሄድ የሚሰማት ይመስላታል። ኮንዶሙን መብራት ላይ አንስታ ትመረምራለች፤ ጊዜው አልፎበት እንደሆነ ሁለቴ ሦስቴ ታነባለች፤ አንብባ ስትዞር እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ታገኘዋለች። አንድ ሰሞን ሁለት ደርቦ እንዲያደርግ ትለምነው ነበር፤ ነርሷ «ሲደረብ እንዲያውም ይቀደዳል!» ብላ እስክትቆጣት ድረስ። ቀን ቀን አገር የሚያስቀው ሰው፣ አልጋው ጋ ሲደርስ ቃል ይመርጥ ጀመር።

በሰባተኛው ዓመት ሐኪሙ የሰፊዋን የምርመራ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ስለወሰድሽ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ነው» አላት። «ደጋግመን አይተነዋል። በዚሁ እስከቀጠልሽ ድረስ በግንኙነት አይተላለፍበትም። መውለድም ትችላላችሁ። እኛ እንከታተላችኋለን።»

እሱ በአውቶቡሱ ውስጥ ለብቻው እየሳቀ ሰው ሲገላምጠው ነው ሰፈር የገቡት። ወርዶ አዲስ አንሶላ ገዛ። አመሻሹ ላይ ራሱ አነጠፈው።

«እና ከተሳሳቱስ?» አለችው አልጋው አጠገብ ቆማ።

«ሐኪሙ እኮ ነው ያለው።»

«ሐኪም አይሳሳትም?»

«ወረቀቱን አይተሽው የለ? አንድ ጊዜ መሰለሽ የተመረመረው?»

«እሱ ወረቀት ነው። አንተ ሰው ነህ።»

አንሶላው ላይ ተቀመጠ። «እኔ ብርጭቆ ነኝ እንዴ» አላት በመጨረሻ፣ «እንዳልሰበር መደርደሪያ ላይ የምታስቀምጪኝ?»

ሐኪሙን ታምነው ነበር። ያላመነችው የራሷን ገላ ነው። ያ ገላ አንድ ጊዜ ሳታውቅ ከድቷታል፤ ደግሞ ሳታውቅ ይህን ሰው ቢገድልባትስ? ስለዚህ ስፌት ታበዛለች። እሱ እንቅልፍ እስኪወስደው መኪናዋን ታንኳኳለች። ልጅ ሲያነሳ «ዘንድሮ ይለፍ» ትለዋለች። ዘንድሮ ያልፍና ሌላ ዘንድሮ ይመጣል። አማቷ በመጡ ቁጥር ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ሆዷ ላይ ነበር። አንድ ቀን እሱ አየና፣ «እማዬ፣ እሷን ተያት፤ ችግሩ ከኔ ነው» አላቸው። እናቱ ያን ዕለት ቡናቸውን ሳይጨርሱ ነው ተነስተው የሄዱት። ከሄዱ በኋላ ሰፊዋ «ምን ነካህ?» ብትለው፣ «ምን ችግር አለው? እኔን እናቴ ምን ታደርገኛለች?» ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ።

በአራተኛው ቀን የባሏ ወርክሾፕ ሰዎች እንደገና መጡ። ግድግዳውን ታክከው በአንድ አግዳሚ ወንበር ተደረደሩ፤ ትልልቅ እጆቻቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። ከመሃላቸው ሽማግሌው በያጅ፣ ብልጭታን ሙያ ያስተማረው ሰው፣ ለአንድ ዘመድ ሲተርክ ሰፊዋ ሰማችው።

«ከጠዋት ጀምሮ ልክ አልነበረም። መነጽሩን አወለቀና ቁጭ አለ። 'ጋሼ፣ ጭንቅላቴን ያዝልኝ' አለኝ። እኔም እንዲህ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩለት።» ሽማግሌው የሌለ ራስ እንደያዘ ሁለት መዳፉን አየር ላይ አቆመ። «'እፎይ' አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ሰፊዋ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። እያለቀሰች መስሏቸው ማንም አልተከተላትም።

በሞተበት ዕለት ጠዋት ራሱን ሲያመው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እሷ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና ራሱን ወደ ጉልበቷ አስጠጋ። «እስቲ ግንባሬን ጫን ጫን አድርጊልኝ። ሊፈነዳ ነው መሰለኝ።» እጇን ልትሰድ ስትል አየችው፤ ቅድም መርፌ የወጋት ጣቷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም ጠብ ብላለች። እጇን ሰበሰበች።

«ቆይ፣ ጣቴን መርፌ ወግቶኛል።»

«ታዲያ ግንባሬ ላይ ቁስል አለ እንዴ?»

«ቢሆንም ቆይ። ልታጠብ።»

ታጠበች። በጨርቅ ጠቀለለችው። ደሙ ቆሟል አልቆመም ብላ ፈትታ አየች፤ ቆሟል፤ እንደገና ጠቀለለችው። ስትመለስ እሱ ጃኬቱን ለብሶ በሩ ጋ ነበር። «ተይው፣ ለቀቀኝ» አላት ፈገግ ብሎ። እንዳልለቀቀው ከፈገግታው አውቃለች። «እሺ» አለችው፤ ሄደ።

በሽታው በትንፋሽ፣ በእጅ፣ በግንባር እንደማይተላለፍ ታውቃለች። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከነርስ አፍ ስትሰማ ኖራለች። ማወቅ ምንም አልረዳትም። ጭንቅላቱን የያዘለት ሌላ ሰው ነው።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አማቷ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት። እህትየዋ ከኋላቸው ተከትላ ገባች። አማቷ ሰባ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንኳ ሰው ይደግፋቸዋል። አሁን ግን ማንም ሳይደግፋቸው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«እማማ! ኧረ ምን ሆነው ነው? ይነሱ እንጂ!»

«አልነሳም። ሰማሁ ልጄ። ደብቀውኝ ነበር፤ ሰማሁ።» የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ በድሎሻል። አሳድጌ አሳድጌ የሰው ልጅ እንዲያጠፋ አደረግኩ። እሱ አፈር ለብሷል፣ ይቅርታ ሊጠይቅሽ አይችልም። እኔ እናቱ ነኝ፤ በእሱ ፈንታ እኔ ልለምንሽ። ይቅር ብዬዋለሁ በይኝ። አጥንቱ ይረፍ።»

ሰፊዋ ቁልቁል አየቻቸው። ይቅር ብዬዋለሁ ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለቱን ቃል ብትል እስከ ዕለተ ሞቷ እናት ይኖራታል፣ እህት ይኖራታል፤ የተበደለች ሚስት ተብላ ትታቀፋለች። የሞተ ሰው ደግሞ «ዋሽታለች» ብሎ አይከራከራትም። እንዲያውም በሕይወት ቢኖር ራሱ «በይ፣ ምን ችግር አለው?» ይላት ነበር። ይህን ስታስብ ነው ያልቻለችው።

እሷም ወርዳ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች።

«አልበደለኝም እማማ። ይቅር የምለው ነገር የለኝም። መድኃኒቱ የኔ ነው።»

«ምን አልሽ?» አለች እህትየዋ።

«የኔ ነው እትዬ። ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ የኔ ነው። እሱ ነጻ ነበር። ከኔ ሌላ ሴት አያውቅም። ያም... ካርቶኑም... ከኔ እንዲጠበቅበት ነው።»

ተነሳች። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከቁም ሣጥኑ አወጣችና ከመሃሉ የእሱን የተጣጠፉ የምርመራ ወረቀቶች ዘርግታ ለእህትየዋ ሰጠቻት። እህትየዋ እንዲህ ያለ ወረቀት ስታገላብጥ የኖረች ናት፤ ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ ስሙን እያየች አንድ በአንድ አለፈች። የመጨረሻው አራት ወር እንኳ አልሞላውም።

«እውነቷን ነው እማዬ። ሁሉም ነጻ ነው የሚለው።»

«ልጄ ንጹሕ ነው?» አሉ አማቷ።

«ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ሆኖ ነው የሞተብኝ?»

«ንጹሕ ሆኖ ነው እማማ።»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። ከተቀበረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ልቅሶ አላለቀሱም፤ የዕፎይታ ልቅሶ ነው። የሰፊዋን አንገት ጎትተው ጉንጯን ሳሟት። ለአፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ሰፊዋ እሱ ከሞተ ወዲህ የሰው ሙቀት ተሰማት። ከዚያ የአማቷ እጅ አንገቷ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ታዲያ ልጁስ?» አሉ። «ችግሩ ከኔ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ዋሽቶልኝ ነው። ከኔ ነው።»

«በበሽታሽ ምክንያት ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ብትል ይበቃ ነበር። ግን እውነቱን መናገር ጀምራለች፤ የት ላይ እንደሚቆም አላወቀችም።

«ሐኪሙ መውለድ ትችላላችሁ ብሎን ነበር። አምስት ዓመት ሆነው። እሱ ፈልጎ ነበር እማማ፤ ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ የፈራሁት። አስይዘዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

አማቷ እጃቸውን ከአንገቷ አነሱ። ቀስ ብለው ነው ያነሱት።

«አምስት ዓመት» አሉ። ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። «እንግዲያ ዛሬ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ይሮጥ ነበር በይኛ።»

ያንን ልጅ ሰፊዋም ታውቀዋለች፤ በስፌት መኪናዋ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ሲለቅም ብዙ ጊዜ አይታዋለች።

እህትየዋ እናቷን ደግፋ አነሳች። ከመውጣቷ በፊት ቦርሳዋን ከፍታ የመድኃኒቱን ዕቃ በሁለት ጣቷ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ሰፊዋ ሳትወስደው ሦስት ቀን አልፏታል። ያን ዕለት ማታ ዋጠችው። ለመኖር ጓጉታ አልነበረም፤ እሱ በነበረበት ጊዜ ሰዓቱ ሲደርስ ውኃ ይዞላት ስለሚመጣ እጇ ለምዶ ነው።

ስሙን እንኳ ማዳን አልቻለችም። በስድስተኛው ቀን እህትየዋ ማዕድ ቤት ገብታ፣ «ወንድሜ በሽታ አልነበረበትም፤ ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በስህተት ነው ያወራሁት» ብላ ለሴቶቹ ስትናገር ሰፊዋ በግድግዳው በኩል ሰማች። ሴቶቹ «እንዴታ! እሱ ደግሞ!» አሉ። እህትየዋ ስትወጣ አንዷ፣ «እህት አይደለች? ምን ትበል ታዲያ?» አለች። ሌላዋም፣ «እኔ የገረመኝ ሁለቱም መታመማቸው ነው» አለች። ወሬው አልተመለሰም፤ ጨምሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጆሮው የተሰበረው ስኒ እንኳ አልመጣም።

አሥራ ሁለት ዓመት ከራሷ ጠበቀችው። ከራሷ ብቻ ነበር የጠበቀችው።

በሰባተኛው ቀን የተዋሱት ወንበሮች ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ፔርሙሶቹ ታጥበው ሄዱ። ሰው ሲበዛበት የጠበበው ሳሎን አሁን ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ሆነ። እህትየዋ ሻንጣ ተሸክማ ታክሲ ልትጠራ ወጣች፤ አማቷ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ ለማለት ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እንደገና ሞከሩ።

ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተነስታ መጣችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። ጫማውን አነሳች፤ ማሰሪያውን ፈታች፤ ባዶ እግራቸውን አየችው።

አውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ያጋደለ ነው። ጥፍሩ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጣት ከአውራ ጣቱ በለጥ ያለ። የእሱ እግር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት እኚህን ሴት ስታስተናግድ አንድም ቀን ልብ አላለችውም። ብርድ ልብሱ እያጠረው ከአልጋው ጫፍ የሚወጣው፣ ክረምት ከበጋ የሚሞቀው እግር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል።

እጇን ዘረጋች።

አማቷ እግራቸውን ሰበሰቡ።

ሆን ብለው አልነበረም። ራሳቸውም ደንግጠው አዩዋት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር። «ተይው» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ በሩ እያዩ። «እሷ ታደርግልኛለች።»

እህትየዋ ገባች። ጫማውን ከሰፊዋ እጅ ተቀብላ ለእናቷ አደረገችላቸው፤ ማሰሪያውን ሳብ አድርጋ አሰረችው፤ ደግፋ አስነሳቻቸው። «በይ እንግዲህ» አለች። ውጪ የታክሲው በር ሁለት ጊዜ ተዘጋ።

ሰፊዋ እንደተንበረከከች ናት። እግራቸው የነበረበት ቦታ ላይ የምንጣፉ ጠጉር ተኝቶ የተረከዝና የጣት ቅርጽ ቀርቶበታል። መዳፏን ዘርግታ አኖረችበት። ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እስኪቀዘቅዝ አላነሳችውም።